የመጀመሪያዬን ሽጉጥ ስመርጥ ከምን ልነሣ?

አዲስ ባለፈቃድ፦

ጤና ይስጥልኝ። የጦር መሣሪያ ፈቃዴ በቅርቡ ስለወጣልኝ የመጀመሪያዬን ሽጉጥ ለመግዛት እየተዘጋጀሁ ነው። የምፈልገው ቤቴን ለመጠበቅ ብቻ ነው፤ ታጥቄው የመንቀሳቀስ ሐሳብ የለኝም። ፈቃዱን ለማግኘት ከወሰድኩት አጭር ሥልጠና ውጪ ተኩሼ አላውቅም፤ እጄ ትንሽ ነው፣ ጣቶቼም አጫጭር ናቸው።

አንድ ሻጭ ዘንድ ሄጄ ስጠይቅ መዳፍ ውስጥ የምትደበቅ በጣም ትንሽ ሽጉጥ አውጥቶ «ይህቺ ለሴት እጅ የተሠራች ናት» አለኝ። አጎቴ ደግሞ ከ.45 (ስፋቱ 0.45 ኢንች ገደማ ከሆነው) ያነሰ ጥይት አያስተማምንም ብሎ ኤም 1911 የተባለውን ከባድ ሽጉጥ እንድገዛ አጥብቆ ይመክረኛል። ሁለቱም በሙሉ ልብ ስለሚናገሩ የማንን ቃል እንደምይዝ ተቸግሬያለሁ። በዚህ ጉዳይ የቆያችሁ ሰዎች፣ ምርጫውን ከየት እንደምጀምር ብታስረዱኝ ትልቅ ውለታ ነው።

የተኩስ አሰልጣኝ፦

እህቴ፣ ከመግዛትዎ በፊት መጠየቅዎ ደስ ብሎኛል፤ ወደ እኔ የሚመጡት ብዙዎቹ ከገዙ በኋላ ነው የሚጠይቁኝ። ሻጩም አጎትዎም በጎ አስበው ይሆናል፤ ነገር ግን አንዳቸውም ሽጉጡን እጅዎ ላይ አድርገው አላዩትም። ምርጫው መነሣት ያለበት ደግሞ ከእጅዎ ነው።

ትንሽ ሽጉጥ ለትንሽ እጅ ይቀልላል የሚለው እምነት በጣም የተስፋፋ ነው፤ እኔ ግን ጀማሪን ከተኩስ የሚያስጠላ እንደዚህ ያለ ምክር አላየሁም። 8 ግራም የምትመዝን የ9 ሚሊ ሜትር እርሳስ በሰከንድ 350 ሜትር ገደማ እየበረረች ከአፈሙዝ ስትወጣ ወደ ኋላ የምትመልሰው ግፊት ከትልቅም ከትንሽም ሽጉጥ ብትተኮስ ብዙ አይለያይም። የሚለየው ግፊቱን የሚቀበለው የብረት ክብደት ነው። 900 ግራም የሚመዝን ሽጉጥ ግፊቱን አለዝቦ ወደ መዳፍ ሲያደርሰው፣ ግማሽ ኪሎ የምትመዝነው ግን እጅን እንደ ጥፊ ትመታዋለች። በዚያ ላይ እጀታዋ አጭር ስለሆነ ትንሿ ጣት የምትይዘው አጥታ ትንጠለጠላለች፤ የፊትና የኋላ ማነጣጠሪያዎቿ ስለሚቀራረቡ ትንሽ የእጅ ስሕተት ዒላማው ላይ ትልቅ ሆኖ ይታያል፤ የመመለሻ ሞላዋም አጭርና ጠንካራ ስለሚሆን ማቀባበሉ፣ ማለትም ጥይት ለማጉረስ የላይኛውን ብረት ወደ ኋላ መሳቡ፣ ራሱ ይከብዳል። ትናንሽ ሽጉጦች የተሠሩት በልብስ ሥር ለመደበቅ ነው። እርስዎ ታጥቀው የማይንቀሳቀሱ ከሆነ፣ የማይፈልጉትን ጥቅም ለማግኘት ብለው ይህን ሁሉ ችግር መሸከም የለብዎትም።

እጅዎን ለመለካት እንዲህ ያድርጉ። በመጀመሪያ ካዝናው (የጥይት መያዣው) መውጣቱን፣ ከዚያም ማጉረሻው (የምትተኮሰው ጥይት የምትገባበት የአፈሙዙ ጀርባ) ባዶ መሆኑን በዓይንዎም በጣትዎም ያረጋግጡ፤ አፈሙዙንም ሰው ወደሌለበት ያዙሩ። ከዚያ በአውራ ጣትዎና በአመልካች ጣትዎ መካከል ያለውን ሥጋ እጀታው ጀርባ ላይ እስከ ላይ አስጠግተው ሲይዙት አፈሙዙ ከክንድዎ አጥንት ጋር በአንድ መስመር መዋል አለበት። ይህን አያያዝ ሳይለቁ የአመልካች ጣትዎ የመጀመሪያ አንጓ ሥጋ የቃታው መሐል ላይ ይደርሳል? ጣትዎ እንዲደርስ ሽጉጡን በመዳፍዎ ውስጥ ማዞር ካስፈለገዎት ሽጉጡ ይበልጥዎታል፤ ስሙ የቱንም ያህል የተከበረ ቢሆን መልሰው ያስቀምጡት። እኔ ከአሥር ጀማሪ ስምንቱን የምመራው አፈሙዙ ከ100 እስከ 115 ሚሊ ሜትር ወደሚረዝም፣ ባዶውን ከ600 እስከ 900 ግራም ወደሚመዝን መካከለኛ የ9 ሚሊ ሜትር ሽጉጥ ነው።

የቀድሞ ወታደር፦

አሰልጣኙ ስለ እጅ ልክ የተናገሩትን እቀበላለሁ። ነገር ግን ማካሮቭን ሳያነሡ ማለፋቸው አላስደሰተኝም። ይህ ሽጉጥ እ.ኤ.አ. በ1951 በሶቪየት ኅብረት ጦር ዘንድ ሥራ ላይ ከዋለ ጀምሮ በስንት አገር ስንት ሰው ታጥቆታል! አፈሙዙ ከአካሉ ጋር የተጣበቀና የማይነቃነቅ ነው፤ ክፍሎቹ ጥቂት ናቸው፤ ያለ ምንም መሣሪያ በእጅ ይፈታል። 8 ጥይት ይጎርሳል፣ 730 ግራም ይመዝናል፣ እጀታው ቀጭን ስለሆነም ለአጭር ጣት ይመቻል። ዐሥራ ሁለት ዓመት ወገቤ ላይ ነበር፤ አንድም ቀን ከድቶኝ አያውቅም። ውስብስብ የሆነ ነገር ለጀማሪ አይሰጥም ባይ ነኝ።

የመሣሪያ ጠጋኝ፦

ወንድሜ፣ ማካሮቭን እኔም አከብረዋለሁ፤ የተበላሸ ማካሮቭ ወደ ጠረጴዛዬ የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው። ነገር ግን ጠያቂያችን ማወቅ ያለባት አንድ የአሠራር ልዩነት አለ። በማካሮቭ ውስጥ ጥይቱ ሲፈነዳ የላይኛውን ተንሸራታች ብረት የሚይዘው የራሱ ክብደትና የሞላው ጉልበት ብቻ ነው። በአብዛኞቹ የ9 በ19 (በተለምዶ 9 ሚሊ ሜትር የሚባለው ጥይት) ሽጉጦች ግን አፈሙዙና ተንሸራታቹ ተቆላልፈው አብረው ጥቂት ወደ ኋላ ከሄዱ በኋላ አፈሙዙ ዘቅ ብሎ ይለያል፤ ይህን አሠራር ለዓለም ያስተዋወቀው ጆን ብራውኒንግ ነው። ስለዚህ የማካሮቭ ጥይት ከ9 በ19 የደከመ ሆኖ ሳለ ርግጫው ስል ሆኖ ይሰማል። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ አያምንም፤ ሁለቱን አከታትሎ ሲተኩስ ግን እጁ ይነግረዋል።

ሁለተኛው ጉዳይ ካዝናው ነው። የማካሮቭ ካዝና መልቀቂያ እጀታው ግርጌ፣ ተረከዙ ላይ ስለሆነ ካዝና ለመቀየር ሁለተኛው እጅ የግድ ያስፈልጋል። ሦስተኛው የጥይቱ ነገር ነው፤ ሁለቱም «ዘጠኝ» ተብለው ቢጠሩም የማካሮቭ እርሳስ ስፋቷ 9.27 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ የ9 በ19ኙ ግን 9.02 ገደማ ነው፤ የቀለሁም ርዝመት ይለያያል። አንዱን በሌላው ሽጉጥ ውስጥ መክተት የለባችሁም። የሚተኮሰው ጥይት ስያሜ ብዙውን ጊዜ አፈሙዙ ወይም ተንሸራታቹ ላይ ተቀርጾ ይገኛል፤ ከጥይቱ ሣጥን ጋር ቃል በቃል አስተያዩት።

በነገራችን ላይ ቶካሬቭ የተባለውን የድሮ የሶቪየት ሽጉጥ የሚያቀርብላችሁ ካለ፣ የጥንቱ ሥሪት በእጅ የሚገፋ መጠበቂያ (ሳይታሰብ እንዳይተኮስ የሚያግድ መቆለፊያ) የሌለው መሆኑን ልብ በሉ። ያለው ግማሽ መንገድ ላይ መዶሻውን የሚይዝ እርከን ብቻ ነው፤ እርከኑ ደግሞ በዕድሜ ብዛት ይበላል። እንዲህ ያለውን ጎርሶ ማስቀመጥ ፈጽሞ አይገባም፤ ለመጀመሪያ ሽጉጥነትም አልመክረውም።

አዲስ ባለፈቃድ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ስለ ጥይቱ ጉልበት ግን ማንም አልነገረኝም። አጎቴ «9 ሚሊ ሜትር መርፌ ነው» ይላል። መጠበቂያስ? ሻጩ ካሳየኝ ሽጉጦች ግማሾቹ የሚገፋ መጠበቂያ አላቸው፣ ግማሾቹ የላቸውም። የሌላቸውን ስይዝ ያስፈራኛል።

የተኩስ አሰልጣኝ፦

የጥይቱን በአጭሩ ልመልስ፤ ብዙ ሊያከራክረን አይገባም። የአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ እ.ኤ.አ. በ1986 ማያሚ ላይ ሁለት ወኪሎቹ ከሞቱበት የተኩስ ልውውጥ በኋላ 9 ሚሊ ሜትርን ትቶ ወደ ትላልቅ ጥይቶች ሄደ፤ .40 የተባለውም ጥይት እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው በዚያው ፍለጋ ምክንያት ነው። ከዓመታት በኋላ ግን የእርሳስ አሠራር ስለ ተሻሻለ፣ ወኪሎቹም በ9 ሚሊ ሜትር ፈጥነውና አርመው መተኮስ ስለ ቻሉ፣ ቢሮው ተመልሶ ወደ 9 ሚሊ ሜትር ገባ። ዒላማውን የሳተ .45 ምንም አይጠቅምም፤ የሳተው እርሳስ ደግሞ ግድግዳ በስቶ የት እንደሚያርፍ አስቡት። ኤም 1911 ግሩም መሣሪያ ነው፤ ነገር ግን ባዶውን ከአንድ ኪሎ በላይ ይመዝናል፣ የጥንቱ ካዝናውም 7 ጥይት ብቻ ይይዛል። አጎትዎ ለራሳቸው ይያዙት።

በመጠበቂያው ላይ ግን ረዘም ላድርግ፤ ፍርሃትዎ ተገቢ ነውና። የሚገፋ መጠበቂያ የሌላቸው እንደ ግሎክ ያሉ ሽጉጦች መጠበቂያቸው ውስጣቸው ነው፤ ቃታው በጣት ካልተሳበ መቺ መርፌው ስለሚታገድ ወድቀው እንኳ እንዳይተኩሱ ተደርገው ተሠርተዋል። ቃታው ከተሳበ ግን ይተኩሳሉ፤ የሳበው የእርስዎ ጣት ይሁን፣ የልብስ ዘለበት ይሁን ወይም የሕፃን እጅ፣ ሽጉጡ አይለይም። የሚገፋ መጠበቂያ ያለው ደግሞ አንድ ተጨማሪ አጥር ይሰጥዎታል፤ ነገር ግን በድንጋጤ ሰዓት መግፋቱን ከረሱ ሽጉጡ ዝም ይላል፤ ተመልሷል ብለው ተማምነው ያልተመለሰ ከሆነም የባሰ ነው። ሦስተኛም መንገድ አለ፤ እንደ ሲዜድ 75 እና ቤሬታ 92 ያሉት የመጀመሪያዋ ጥይት በረጅምና ከባድ የቃታ ጉዞ፣ ቀጣዮቹ በአጭርና ቀላል ጉዞ የሚተኮሱባቸው ናቸው። የመጀመሪያው ስበት 5 ኪሎ ገደማ ይከብዳል፤ ሁለተኛው የዚያ ግማሽ እንኳ አይሞላም። ጀማሪ ሁለት ዓይነት ቃታ መማር ይኖርበታል ማለት ነው፤ አጭር ጣት ላለው ሰው ደግሞ የመጀመሪያው ስበት አስቸጋሪ ነው።

እኔ ተማሪዎቼን የምላቸው፣ መጠበቂያ ያለውን ከመረጣችሁ ባነሣችሁት ቁጥር መግፋትን፣ ባስቀመጣችሁት ቁጥር መመለስን እጃችሁ ሳታስቡት እስኪያደርገው ድረስ በባዶ ሽጉጥ ልመዱት ነው። ይህን ለመልመድ ጊዜ የማይሰጥ ሰው መጠበቂያ የሌለውንም መያዝ የለበትም።

የመሣሪያ ጠጋኝ፦

በዚህ ላይ የራሴን ላክልበት። ሥራ በጀመርኩበት ዓመት አንድ ደንበኛ «ባዶ ነው» ብሎ ሽጉጡን ጠረጴዛዬ ላይ አኖረ። ሰውየው ውሸታም አልነበረም፤ ከቤቱ ሲወጣ በእርግጥ ባዶ ለማድረግ ሞክሮ ነበር። ነገር ግን መጀመሪያ ተንሸራታቹን ስቦ ጥይቷን አወጣ፤ ሲለቀው ካዝናው ውስጥ ያለችው ቀጣይዋ ጥይት ወደ ማጉረሻው ገባች፤ ከዚያ ካዝናውን አወጣና ባዶ ነው ብሎ አመነ። ቅደም ተከተሉን ስለገለበጠ ብቻ፣ ካዝና የሌለው ሽጉጥ አንዲት ጥይት ጎርሶ ወደ እኔ መጣ። እኔም ወጣት ነበርኩና ቃሉን አምኜ ለመፍታት ቃታውን ሳብኩ። ባረቀብኝ። ጥይቷ በአሸዋ የተሞላው ሣጥን ውስጥ የቀረችው መምህሬ አፈሙዝ ሁልጊዜ ወደዚያ ይዙር ብሎ ስላስለመደኝ ነው። ጆሮዬ ለሦስት ቀን ይጮህ ነበር፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ግን የማንም ቃል ማጉረሻ ፈትሾልኝ አያውቅም።

ስለዚህ ካዝና በፊት፣ ማጉረሻ በኋላ። ሁለት ጊዜ በዓይን፣ አንድ ጊዜ በትንሿ ጣት። አንዳንድ ሽጉጦች ለመፈታት ቃታ መሳብን ይጠይቃሉ፤ ሌሎች አይጠይቁም። ስትመርጡ ይህንንም ጠይቁ።

የሦስት ልጆች እናት፦

እህቴ፣ ሁሉም ስለ ሽጉጡ ነገሩሽ፤ እኔ ስለሚያድርበት ቦታ ልንገርሽ። እኔና ባለቤቴ ሽጉጥ ስንገዛ የብረት ሣጥኑን ያሰብነው በመጨረሻ ነበር፤ እስከዚያው ብለን ቁም ሣጥኑ ላይ ከብርድ ልብሶቹ ጀርባ አኖርነው። በሁለተኛው ሳምንት መካከለኛው ልጄ ወንበር ወንበር ላይ ደራርቦ ቁም ሣጥኑ ላይ ሲወጣ ደረስኩ። የሚፈልገው የደበቅሁበትን ብስኩት ነበር። እጁ ከብርድ ልብሱ ጫፍ አንድ ስንዝር ቀርቶት ነበር። ሣጥኑ በማግሥቱ ተገዛ።

ሣጥኑ ከሽጉጡ ቀድሞ ቤትሽ ይግባ። ከግድግዳ ወይም ከወለል ጋር በብሎን የሚታሰር ይሁን፤ ያልታሰረ ሣጥን ሌባ ከነሽጉጡ ይዞት ይሄዳል። ቁልፍ ከሆነ ቁልፉ አንቺ ጋ ይደር፤ ቁጥር ከሆነ የልጆችሽ የልደት ቀን አይሁን። ሌላም አለ፤ መናገሩ ቢከብድም እናገረዋለሁ። ቤትሽ ውስጥ በከባድ ሐዘን ወይም በተስፋ መቁረጥ ውስጥ ያለ ሰው ካለ፣ አንቺም ራስሽ ብትሆኚ፣ ሕጉ በሚፈቅደው መንገድ ሽጉጡ ያ ጊዜ እስኪያልፍ ከቤት ይውጣ። ክፉ ሐሳብ መጥቶ ሊሄድ ይችላል፤ ጥይት ግን አይመለስም።

የቀድሞ ወታደር፦

እናታችን የተናገሩት ልክ ነው። እኔም ማካሮቭን ስመክር የራሴን እጅና የራሴን ዓመታት እያሰብኩ እንደነበር ጠጋኙ አሳይተውኛል። አንድ ጥያቄ ግን አለኝ፤ ለቤት ብቻ ከሆነ ለምን ሪቮልቨር (ጥይቶቹ በሚሽከረከር ከበሮ ውስጥ የሚቀመጡበት ሽጉጥ) አይታሰብም? ካዝና የለው፣ ማቀባበል የለው። ጥይቱ ቢከሽፍ ቃታውን ደግሞ መሳብ ነው።

የተኩስ አሰልጣኝ፦

ማቀባበል ጨርሶ ለማይችል፣ ለምሳሌ የእጅ አንጓው ለታመመ ሰው፣ ሪቮልቨር ሊታሰብ ይችላል። ነገር ግን የሪቮልቨር ቃታ ረጅምና ከባድ ነው፤ ለመሳብ የሚደክም ጣት ደግሞ አፈሙዙን ወደ ጎን ይጎትተዋል። አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘውም 5 ወይም 6 ጥይት ነው። ማቀባበል የከበደው ሰው ብዙ ጊዜ የጎደለው ጉልበት ሳይሆን ዘዴ ነው፤ ሽጉጡን ወደ ደረት አቅርቦ፣ ተንሸራታቹን ከላይ በሙሉ መዳፍ ጨብጦ፣ እጀታውን በቀኝ እጅ ወደ ፊት መግፋት ነው። በዚህ ጊዜ ብዙ ጀማሪ አፈሙዙን ወደ ጎን ወዳለው ሰው ስለሚያዞር፣ ሰውነቱ ይዙር እንጂ አፈሙዙ ከዒላማው አይነቀል።

እህቴ፣ አሁን ወሬውን አቁመን ይተኩሱ። ሽጉጥ የሚያከራይ የተኩስ ሜዳ ፈልገው፣ ከአሰልጣኝ ጋር ቢያንስ ሦስት ዓይነት ይሞክሩ። የጆሮ መከላከያ አይርሱ፤ የሽጉጥ ድምፅ 160 ዴሲቤል ገደማ ይደርሳል፣ ከ140 በላይ የሆነ ድንገተኛ ድምፅ ደግሞ በአንድ ጊዜ ጆሮን ሊጎዳ ይችላል። ከተገኘ በ.22 ጀምሩ፤ እርሳሷ 2.6 ግራም ገደማ ብቻ ስለሆነች ርግጫዋ እዚህ ግባ አይባልም፣ ቃታ መሳብን ሳትፈሩ ትማሩባታላችሁ።

አዲስ ባለፈቃድ፦

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ። እንደተባልኩት ተኩስ ሜዳ ሄጄ በአሰልጣኝ ፊት ሞከርኩ፤ ያየሁትን ሳልደብቅ ልንገራችሁ።

በ.22 ስጀምር በ7 ሜትር ርቀት አሥሩንም ጥይት ከአንድ ሰሐን በማይሰፋ ክብ ውስጥ አስገባሁ፤ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ከዚያ ሻጩ ያሳየኝን ዓይነት ትንሿን ሽጉጥ ተኮስኩ። በአራተኛው ጥይት የአውራ ጣቴ ሥር ቀላ፤ በስድስተኛው መቀጠል አልፈለግሁም። ቤሬታ 92 ደግሞ ለስላሳ ነበር፤ ነገር ግን እጀታው ስለወፈረብኝ ለመጀመሪያዋ ጥይት ጣቴ ቃታው ላይ የደረሰው በጫፉ ብቻ ነው። በመጨረሻ ግሎክ 19 ያዝኩ። አፈሙዙ ከክንዴ ጋር ገጠመ፣ የጣቴም አንጓ ቃታው መሐል ላይ አረፈ።

ይሁን እንጂ ጥይቶቼ ሁሉ ከዒላማው በታች በግራ በኩል ያርፉ ነበር። ሽጉጡ ማነጣጠሪያው የተዛባ መሰለኝ። አሰልጣኙ ምንም ሳይለኝ ካዝናውን ወሰደና እኔ ሳላይ የማይተኮስ የልምምድ ጥይት መሐል ላይ ቀላቅሎ መለሰልኝ። ሁለት ተኮስኩ፤ በሦስተኛው ቃታውን ስስብ ድምፅ የለም፤ አፈሙዙ ግን በገዛ እጄ አንድ ጣት ያህል ወደ ታች ዘቅ ሲል በዓይኔ አየሁት። ርግጫውን ፈርቼ ቀድሜው ሽጉጡን ወደ ታች እየገፋሁ ነበር። ሽጉጡ ምንም አልሆነም፤ ስሕተቱ የእኔ ነበር። ይህን ባላይ ኖሮ ገዝቼ በሄድኩ በወሩ ሽጉጤ ተበላሽቷል ብዬ ወደ ጠጋኝ እወስደው ነበር።

የመሣሪያ ጠጋኝ፦

እንደዚህ ብለው የሚመጡ ሰዎች በየሳምንቱ አሉኝ። አብዛኛውን ጊዜ የምመልስላቸው ሽጉጡን ሳልነካው ነው።

ለመግዛት ከወሰኑ፣ ያገለገለ ከሆነ ሦስት ነገር ይመልከቱልኝ። የአፈሙዙ ጫፍ ክብ የተበላ ወይም የተጎነደለ እንዳይሆን፤ በውስጡ ያሉት ጠመዝማዛ ሸንተረሮች ጥርት ብለው ይታዩ፤ የዛገ ጉድጓድ ወይም የቀለበት ዓይነት እብጠት ካለ ይተዉት። ተንሸራታቹ ላይ፣ በተለይ ቀለህ ከሚወጣበት መስኮት ጥግ፣ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ይፈልጉ። የመለያ ቁጥሩ የተፋቀ ወይም ከወረቀቱ ጋር የማይመሳሰል ከሆነ ግን ጉዳዩ የጥራት አይደለም፤ የወንጀል ነው፤ እጅዎን ይሰብስቡ። የድሮ የጦር ጥይት የሚጠቀሙ ከሆነም አቀጣጣዩ ጨው የሚተው ሊሆን ስለሚችል፣ በዘይት ብቻ የተወለወለ አፈሙዝ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይዝጋል። ጨው የሚለቅቀው በውኃ ነው፤ በውኃ አጥበው፣ በደንብ አድርቀው፣ ከዚያ ዘይት ይቀቡ።

አዲስ ባለፈቃድ፦

አዲሱን ገዝቻለሁ፤ የእጀታው ጀርባ የሚቀያየር ስለሆነ በትንሹ ልክ አድርገውልኛል። ለቤት የሚሆነውን ጥይት ከመምረጤ በፊት በዚያው ዓይነት ጥይት 200 ያህል ሳይሰናከል መተኮሱን አይቼ ነው የምወስነው፤ እስካሁን 120 ተኩሻለሁ፣ አንድም አልተሰናከለም። በቤት ውስጥ ደግሞ ጥይት በሌለበት ክፍል፣ ሽጉጡ ባዶ መሆኑን ሦስት ጊዜ አረጋግጬ፣ ወደ ጠንካራ ግድግዳ አዙሬ፣ በየማታው ለአሥር ደቂቃ ቃታ መሳብን እለማመዳለሁ። የፊት ማነጣጠሪያው ላይ ትንሽ ሳንቲም አስቀምጬ ሳትወድቅ ለመሳብ እሞክራለሁ፤ በመጀመሪያው ማታ ከአሥር ሰባቴ ወደቀች፣ ትናንት ሁለቴ ብቻ።

የሦስት ልጆች እናት ላሉኝ፣ ሣጥኑ ከሽጉጡ በአራት ቀን ቀድሞ ገብቷል፤ መኝታ ክፍሌ ወለል ላይ በአራት ብሎን ታስሯል። አጎቴም መጥቶ አየው፤ ግሎኩን እጁ ላይ ሳላስቀምጥ በፊት ካዝናውን አውጥቼ ማጉረሻውን ከፍቼ ሳሳየው ምንም አላለኝም፤ እሱም ተቀብሎ እንደገና ፈተሸው።